ናዛሬና ደሞዟን የተናገረች ዕለት

እኔ መቼም ሰው በቀላሉ የማደንቅ አይደለሁም። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ፣ «ኤርሚንዮ፣ አንተ ገነት ብትገባ እንኳ በሩ ይንጫጫል ብለህ ዘይት ትጠይቃለህ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሥራዬም ያው ነው፤ በጣሊያን፣ ከፌርሞ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ሸለቆ፣ በሲኞር ዴልዮ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና እጠግናለሁ። የሚንጫጫ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ የሚለፈልፍ ሰው ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። ናዛሬናን ግን አደንቃለሁ። እንዲያውም ስለሷ ሳወራ ድምፄ እንደሚለወጥ ነግረውኛል፤ ይለወጥ።

ናዛሬና ሰፊ ናት። የጫማውን የላይ ቆዳ፣ ማለት ከሶሉ በላይ ያለውን ሁሉ፣ እየገጣጠመች ትሰፋለች። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቆዳ ጨርቅ አይደለም፤ መርፌው አንዴ ከወጋው ወጋው ነው፣ ቀዳዳው አይደፈንም፣ ተሳሳትኩ ብሎ መተርተር የለም። እሷ ያንን የተረከዝ ዙሪያ በአንድ ትንፋሽ ዞራው ስትመለስ፣ ስፌቱ ከጀመረበት ነጥብ ላይ ቁጭ ይላል። ገና ወጣት ሆና ነው የገባችው፤ ይኸው ፀጉሯ ሸበተ። መኪናዋ ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ ስለሆነ ዕድሜ ልኬን እጇን ሳይ ኖሬያለሁ፤ አሁንም እንዴት እንደምታደርገው ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሥራ ፈትቼ የማየውም ለዚህ ነው። ካየችኝ ደግሞ አትለቀኝም፤ «ምነው፣ ትኬት ልቁረጥልህ?» ትለኛለች።

ባሏ ጓልቲዬሮ ደግሞ ቆራጭ ነው። ቆዳው መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል። ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በቢላው የሚኮራ ሰው ነው። ከቆራጮቹ ሁሉ አንደኛ እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ደሞዙም ከሁሉም እንደሚበልጥ ይጠረጠር ነበር። ይጠረጠር ነበር ነው የምላችሁ፤ ማን ይናገረዋል?

እኛ ዘንድ ሰው ስለ ሐሞት ጠጠሩ፣ ስለ ወንድሙ ፍቺ፣ ስለ ቄሱ የካርታ ጨዋታ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ሲያወራ ይውላል። ደሞዝህ ስንት ነው ካልከው ግን ሱሪህን አውልቅ ያልከው ይመስል ፊቱ ይቀላል። ፋብሪካው ውስጥማ አይነሳም። የሠራተኛው የጋራ ውል ለሁሉም የሚያዘው ዝቅተኛ ደሞዝ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሲኞር ዴልዮ በራሱ ፈቃድ ይጨምራል። የገና በዓል ሲቃረብ አንዱን ቢሮ ይጠራዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጨምሬልሃለሁ፣ ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። የተጠራው ሁሉ የልብ ወዳጁ እሱ ብቻ ይመስለዋል። ሲኞር ዴልዮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ሲታመምበት ሐኪም ቤት ድረስ በገዛ መኪናው የሚያደርስ ነው። አሁን ፋብሪካውን ለልጁ ለኦታቪያ አስረክቧል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ቀድሞን ይገኛል፣ ቆዳ እያሸተተ ይዞራል።

ዘንድሮ ታዲያ ከሰኔ ጀምሮ የሚሠራ አዲስ ሕግ መጣ ተባለ። ማንም ሠራተኛ፣ የኔን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች በአማካይ ስንት ያገኛሉ፣ ሴቶቹስ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪውም መመለስ አለበት። አዲስ ሰው ሲቀጠር ደሞዙ ቀድሞ ይነገረዋል እንጂ «ድሮ ስንት ነበር የሚከፍሉህ?» አይባልም። ደሞዝህን አትናገር የሚል ውልም ከእንግዲህ አይሠራም። ኦታቪያ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ሰኔ ሳይደርስ ቤቴን ላጽዳ ብላ ከአንኮና ዶቶር ሉኬቲ የሚባል የሥራ አማካሪ አስመጣች፤ ቀጭን፣ ከረሜላ የሚወድ ሰው ነው።

ሰውዬው ገና ሲጀምር «ከገንዘቡ አትነሱ፣ ከሥራው ተነሱ» አላት። እያንዳንዱ ሥራ የሠሪው ስም ሳይጠራ ይመዘን፤ ምን ያህል ችሎታ ይፈልጋል፣ ምን ያህል ያደክማል፣ ሲበላሽ ኃላፊነቱ ምን ያህል ነው፣ የሚሠራበት ቦታስ ሙቀቱ፣ ጫጫታው፣ የሙጫው ሽታ እንዴት ነው። በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። ፋሲካን እስክንሻገር ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። በመጨረሻ ስፌትና ቆረጣ እኩል ሆነው ሲወጡ ቆራጮቹ አበዱ። አንዱ ቦርጫም ቆራጭ፣ «ስፌት ከቆረጣ እኩል ከሆነማ ነገ ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ» አለ።

ናዛሬና ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አትልፋ። ያንተን ሆድ የሚችል ቀሚስ የሚሰፋልህ ከየት ታገኛለህ? እኔ እንደሆነ ቆዳው ያሳዝነኛል» አለችው።

ሥራው ከተመዘነ በኋላ ነው ዶቶር ሉኬቲ ደሞዙን ከየሥራው አጠገብ ያስቀመጠው። ልዩነት ባለበት ቦታ ሁሉ ምክንያት ይሰጥ አለ፤ የሥራ ዘመን ይሁን፣ ችሎታ ይሁን፣ ፈረቃ ይሁን። «ጮክ ብላችሁ ልትናገሩት የማትችሉት ምክንያት፣ ምክንያት አይደለም» አላቸው። ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ የቢሮው የመስኮት መከለያ አልወርድም ብሎ እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ።

«ይኼ ቆራጭ ለምንድነው ከሌሎቹ ይህን ያህል የሚበልጠው?» ብሎ ጠየቀ ዶቶሩ።

ሲኞር ዴልዮ ሳቀ። «ጓልቲዬሮ ነው? እሱማ የሁለት ሰው ነው።»

«የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል ማለት ነው?»

«አይ፣ የሁለት ሰው ጭማሪ ነው። የናዛሬናም እሱ ላይ ነው ያለው።»

ኦታቪያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው?»

«ምን ማለት አለው? ገና በተጋቡ ሰሞን ናዛሬና ትልቅ ሥራ ሠርታ ልጨምርላት ፈለግሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ የሷ አድጎ የሱ ባለበት ቢቀር ቆራጮቹ መሳቂያ ያደርጉታል። ስለዚህ የሷን እሱ ላይ ደረብኩት። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ። ከዚያ ወዲህም ለሷ በጨመርኩ ቁጥር እንደዚያው ነው። ለሌሎቹ ባልና ሚስቶችም እንደዚያው ነው ያደረግሁት።» ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ቅንጣት ሐፍረት አልነበረም፤ ውለታ የሚያወራ ሰው ፊት ነበር።

«ለነሱ ተነግሯቸዋል?» አለ ዶቶሩ።

«ለማን? ለባሎቹ ብነግራቸው ኩራታቸው ይቀንሳል። ለሚስቶቹ ብነግር ባሎቹ ይሰማሉ።»

«ጡረታዋስ? ጡረታዋ እኮ የሚታሰበው በስሟ በገባው ነው።»

ሲኞር ዴልዮ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር፤ ከፊቱ ታየኝ። እኔ ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ኦታቪያ ቀና ብላ፣ «ኤርሚንዮ፣ ናዛሬናን እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አለችኝ። «እኔ የሰማሁት መከለያው ሲንጫጫ ብቻ ነው» ብያት ወረድኩ።

ደግነቱ ቃሏን ጠበቀች፤ በማግስቱ ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። ናዛሬና ተመልሳ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። መኪናውን አላስነሳችም።

«ኤርሚንዮ፣ ለካ ጎበዝ ነበርኩ» አለችኝ።

መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ገና በመጣ ቁጥር ባሌን ይጠሩታል፣ እኔን አይጠሩኝም። እሱ ደስ ብሎት ሲወጣ አየዋለሁ። እኔ ደግሞ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ምን አጠፋሁ፣ ምኑ ጋ ነው ስፌቴ የጎደለው እያልኩ ሳሰላስል ነው የኖርኩት። ለካ የተጠራሁት እኔ ነኝ!» 

ኦታቪያ ያቀረበችላት ነገር መጥፎ አልነበረም። ከሰኔ ጀምሮ የናዛሬና ደሞዝ ይስተካከላል። የጓልቲዬሮ አይቀነስም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ እሷም አታደርገውም። ለምን እንደተጨመረ ማንም ማወቅ የለበትም፤ ጓልቲዬሮም ሳያውቅ በኩራቱ ይኖራል። ጭማሪያቸው ባሎቻቸው ላይ ለተደረበው ለሌሎቹ ሦስት ሴቶች ግን የዘንድሮው ገንዘብ ስለማይበቃ ለከርሞ ይደርሳቸዋል።

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «ደሞዝሽን ውሰጂ፣ ቤትሽም ሰላም ይደር።»

«ሎሬላስ?» አለችኝ።

ሎሬላ ሙጫ ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት። ባሏ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ አምና ተፋቱ። ሁለት ልጆች ይዛ የቤት ኪራይ ትከፍላለች፤ የሷ ጭማሪ ግን ከሰውዬው ደሞዝ ላይ ተለጥፎ ከሰውዬው ጋር ሄዷል። ለሎሬላ ከርሞ ሩቅ ነው፤ ናዛሬና ነገሩን በሰው ፊት ካወጣችው ግን ኦታቪያ ለከርሞ ማሳደር አትችልም። ይህን እኔም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

«ከተናገርሽ ጓልቲዬሮን ትሰብሪዋለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ያ ሰው ያለው ኩራቱ ነው፤ እኔም የወደድኩት ያንኑ ኩራቱን ነው» አለችና ክሩን መልሳ ጠቀለለች። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልቀለደችብኝም። አጠገቧ ቆሜ አየኋት፣ «ትኬት» አላለችም። እንደዚያ ሰንብታ አታውቅም፣ ፈራሁላት።

የአዲሱ ወቅት ጫማ ናሙና ተሠርቶ ሲያልቅ ፋብሪካችን ውስጥ ፖርኬታ መብላት ልማድ ነው። ሲኞር ዴልዮ አንድ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ያስመጣና ማሸጊያ ክፍል ውስጥ፣ ካርቶኖቹ መሀል፣ ራሱ ቆራርጦ ያድለናል፤ ሁላችንም በቁማችን በዳቦ እንበላለን። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ የዚያ ቀን ጠዋት ጓልቲዬሮ ሸሚዙ ተጨማዶ መጣ። ሁሉም አየው። ናዛሬና ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። «ትናንት እራት ላይ ነገርኩት። ፖም እየላጠ ነበር። ልጦ ጨረሰ፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው፣ ተነስቶ እናቱ ጋ ሄደ።»





«እንግዲህ ይቅርብሽ፣ ዛሬ አትናገሪ።»

«ለሱ ቀድሜ የነገርኩት በሰው ፊት እንዳይሰማው ነው እንጂ ልተወው አይደለም» አለችኝ።

ፖርኬታው ታደለ። ኦታቪያ ካርቶን ላይ ወጥታ ስለ ሕጉ ተናገረች፤ ሥራዎቹ እንደተመዘኑ፣ ከአሁን በኋላ ጭማሪ በር ተዘግቶ በሹክሹክታ እንደማይሰጥ፣ ለምን እንደሚጨመር ለሁሉም የተነገረ መንገድ እንደሚኖር። ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው ሰው ቢሮዬ ይምጣ፣ በሬ ክፍት ነው» አለች።

ናዛሬና እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ቢሮ ድረስ ምን አስኬደኝ፣ እዚሁ ልናገር» አለች። «እኔ በወር አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥር ዩሮ ነው የማገኘው።»

የሚያኝክ ሰው ሁሉ ማኘኩን ተወ። አንዲት አሮጊት አሻጊ እንዲያውም አማተበች። እኔ ራሴ እንኳ፣ እንደምትናገር እያወቅሁ፣ ደነገጥኩ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። በዚህ ሸለቆ፣ ከአባቶቻችን ጀምሮ፣ ሰው ቆሞ ደሞዙን ሲናገር አይተን ስለማናውቅ ነው። እንዴት ብላ ድፍረቱን እንዳገኘችው አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ሲኞር ዴልዮ ቢላውን እንደያዘ ቀረ። «ናዛሬና፣ ልጄ፣ ይኼ በሰው ፊት የሚወራ ነው?»

«ሲኞር ዴልዮ፣ እኔ የምሰፋው በሰው ፊት ነው» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ብዙ ጊዜ ጨምረውልኛል አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያኔ ቢነግሩኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ነገሩ የገባውም ያልገባውም ወደ ጓልቲዬሮ ዞረ። እሱ ከቆራጮቹ መሀል ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ትቶን የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ በሩ አጠገቡ ነው። ዳቦውን ካርቶን ላይ አስቀመጠ።

«እኔ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው የማገኘው» አለ። «ከዚያ ውስጥ ሦስት መቶው የሷ ነው። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው።»

ያ ቦርጫም ቆራጭ ሊስቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው።

«ጥሩ ቆራጭ ነኝ» አለ ጓልቲዬሮ፣ ማንንም ሳያይ። «የሁለት ሰው ግን አይደለሁም።»

ይህን ለማለት ምን እንደከፈለ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ የፖርኬታው በርበሬ ነው ብዬ አሳበብኩ። ከዚያ ሎሬላ ተናገረች፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበርና ድገሚው ተባለች፣ ደገመችው። ቀጥሎ የቀሩት ሁለቱ ሴቶች። ቀጥሎ መጋዘኑ፣ ሙጫ ክፍሉ፣ እኔም ሳይቀር የራሴን ተናገርኩ፤ ሕይወቴን ሙሉ የደበቅሁት ቁጥር ከአፌ ሲወጣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር መሆኑ አናደደኝ። ሲኞር ዴልዮ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። «እኔ የጠቀምኳችሁ መስሎኝ እኮ ነው» ይላል ደጋግሞ። ናዛሬና ሄዳ ቢላውን ከእጁ ተቀበለችው፤ «አውቃለሁ» አለችውና የቀረውን ሥጋ እሷ ማደል ጀመረች።

ኦታቪያ እዚያው ቆማ ለዶቶር ሉኬቲ ደወለች። ከርሞ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ፤ የአራቱም ሴቶች ደሞዝ በሰኔ በየስማቸው ገባ፣ ለዚህም ብላ ለፋብሪካው አዲስ ልትገዛ ያሰበችውን የስፌት መኪና ተወችው። ያለፉት ዓመታት ገንዘብ በየጊዜው ይከፈላቸዋል ተብሏል። የናዛሬና ጡረታ ግን ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም፤ ዶቶሩ አስልቶ በግልጽ ነግሯታል። ጓልቲዬሮም እናቱ ጋ ብዙ ቀን ሰንብቶ ነው ቤቱ የገባው። ሁሉም ነገር ጥሩ ሆነ ብዬ አላታልላችሁም።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያንን የፖርኬታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው የማልረሳው። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ናዛሬናም መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ክር ልታስገባ መርፌውን ያዘች፣ ሳተችው። ደግማ ሞከረች፣ ሳተችው። ያ ዕድሜ ልኬን ስገረምበት የኖርኩት እጅ አንድ ክር ማስገባት አቃተው።

«ኤርሚንዮ፣ እባክህ ክሩን አስገባልኝ» አለችኝ።

አስገባሁላት። «ፈርተሽ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«አሁንም እየፈራሁ ነው» አለችና መኪናዋን አስነሳች።